ከደዋዩ ኪስ የጮኸው ዶሮ

ዶሮው የጮኸው ከሬሳው ኪስ ውስጥ ነው።

ሬሳውን ለማንሳት ያጎነበሱት ሁለት ሰዎች ቃሬዛውን ጥለው ወደ ኋላ ዘለሉ። አንዱ ፈጣሪውን ጠራ፤ ሌላው ጭቃው አንሸራትቶት በቂጡ ተቀመጠ። ከቦታዋ ንቅንቅ ያላለችው መርማሪዋ ብቻ ነበረች። ጡረታዋ የተቃረበ፣ በሹራብ ላይ ሹራብ የደረበች ሴት ናት። ያየችው ሰው ሁሉ የበረደው፣ ያየችው ልጅ ሁሉ ሊወድቅ የደረሰ ስለሚመስላት ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወይዘሮ ስጋት» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ተቀይማ ግን አታውቅም።

«ስልክ ነው፤ አይናከስም» አለችና እጇን ወደ ሟቹ የደረት ኪስ ሰደደች።

ኪሱ እስከ አፉ ደለል ሞልቶታል። ከደለሉ መሀል የወጣችው ባለ ቁልፍ ስልክ ግን እንደ አውራ ዶሮ እየጮኸች ነው። መስታወቷ ላይ «ግድብ» የሚል ይነበባል። መርማሪዋ ልታነሳው ስትል ጥሪው ተቋረጠ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እስቲ ወዲህ ና» አለች። ሆዱ ከቀበቶው በላይ የፈሰሰው ሃምሳ አለቃ እግሩን ከጭቃው እየመዘዘ ቀረበ። «ስልክህን አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ብትጥለው ይጮኻል?»

«የእኔ እንኳን ውሃ፣ ሻይ ፈስሶበት ነው የሞተው ኢንስፔክተር።»

«እዚህ ግን ሰውየው ሞቶ ስልኩ ተርፏል።» ከጀርባዋ ከፈተቻት። ላይ ላዩን ጭቃ ከመንካቱ በቀር ባትሪው ሥር ጠብታ የለም፤ በቁልፎቹ መሀልም የደለል ቅንጣት አልገባም።

ሟቹ የታችኛው ሰፈር ደዋይ ነበር። ወንዙ ዳር፣ ከመኖሪያ ቤቶቹ ተነጥሎ በቆመው መስኮት በሌለው በዚህ ባለ አንድ በር ክፍል ይውላል። የግድቡ ጠባቂ የውሃውን በር ሊከፍት ሲል ይደውልለታል፤ እሱም ወጥቶ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ደወል ይመታል፤ ሰፈሩ ሕፃንና ሽማግሌውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገት ይወጣል። ትናንት ረፋድ ላይ ጎርፉ መጣ፣ ደወሉ ግን አልተሰማም። ሬሳ ያልወጣበት መንገድ የለም። ዛሬ ጧት ውሃው ሲሸሽ ደዋዩ ከክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሰውም ፍርዱን ወዲያው ሰጠ፦ ጠጥቶ ተኝቷል።

መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ እጆቹን አየች። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል፤ ጥፍሮቹ ሥር ስንጣሪ እንጨት ገብቷል። «አይ ልጄ!» አለች ቀስ ብላ፤ እጁን በእጇ ውስጥ ትንሽ አቆየችው፤ የበረደው ይመስል።

ቀጥሎ በሩን ፈለገች። በቦታው የለም። ከማጠፊያው ወልቆ ውጭ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«በሩን የነቀላችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛማ እንዲሁ ነው ያገኘነው» አለ በቂጡ የወደቀው ሰውዬ፣ ሱሪውን እየጠረገ። «የእኛ ሰፈር ሰው ጎርፍ ሲሸሽ መጀመሪያ በር ነው የሚነቅለው። እርጥቡን እንጨት በቦታው ከተውነው አብጦ ይጣመማል፣ ከዚያ ወዲያ አይዘጋም። ከልጅነት የለመድነው ስለሆነ ሳናስበው እጃችን ራሱ ይሠራዋል።»

መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ በሩን ዙሪያውን ዳሰሰች። ፊቱም ጀርባውም ጭቃ ለብሷል። መቃኑ ላይ የሚገጥመው የጎን ውፍረቱ ግን ንጹሕ ነው፤ የእንጨቱ ቀለም ሳይቀር ይታያል። ከውጭ በኩል ያሉት የቁልፍ ቀለበቶች ውስጣቸው ዝገቱ ተፍቆ አዲስ ብረት ያበራል። ለሃምሳ አለቃው በጣቷ አሳየችው።

«ምን ማለት ነው?» አለ።

«አልቸኩልም። ግን ምሳ በልተሃል? ፊትህ ገርጥቷል።»

*

ትምህርት ቤቱ ከጎርፉ የተረፈው ሰው ተጠልሎበታል። ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። የደዋዩ ሚስት ናት።

«ምነው ልጄ እዚህ? ሊዘንብ ነው እኮ።»

«አላስገቡኝም።»

«እነማን?»

«ሁሉም ናቸው። ‹ባልሽ ተኝቶ ልጆቻችንን አስበላ› አሉኝ። ምን ልበላቸው እማማ? የሞተባቸው ናቸው።»

መርማሪዋ የላይኛውን ሹራብ አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። «ይጠጣ ነበር?»

«የእኔ ባል? ሻይ እንኳ ሁለተኛ አይደግምም። ‹ለሽንት ስወጣ ስልኩ ቢጠራስ› ይላል። የዶሮ ድምፅ ያስጫነበትም ለዚሁ ነው፤ ‹ዶሮ ሲጮህ የማይነቃ የለም› ብሎ። ስንቴ ስቀንበታል!» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት።

«ትናንት አንቺ የት ነበርሽ?»

«ላይኛው ሰፈር፣ ሰው ቤት ልብስ ሳጥብ። ከሰገነቱ ላይ ሆኜ ነው ሰፈራችን ሲሄድ ያየሁት። ልብሱን እያሰጣሁ።»

«ጠላት ነበረው? የሚፈራው ሰው?»

«የሚፈራው ታላቅ እህቱን ነው፤ እሷ ናት ያሳደገችው። እስካሁን እንደ ሕፃን ትቆጣዋለች… ትቆጣው ነበር።» እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «እማማ፣ አንድ ነገር ይርዱኝ። ከሌሎቹ ሟቾች ጋር አይቀበርም ብለዋል፤ ዳር ላይ ለብቻው እንደ ሌባ ሊጥሉት ነው። ይሄ ልጅ ሲወለድ ‹የዚያ ሰው ልጅ› እየተባለ ነው የሚያድገው። ተኝቶ ከሆነ ተኝቷል ይበሉኝ። ካልተኛ ግን ይናገሩልኝ።»

መርማሪዋ ቃል አልሰጠችም። ቃል መስጠት ያስፈራታል።

የሟቹ እህት የሰፈሩ ሰብሳቢ ናት። አፍራሽ ማሽን በመጣ ቁጥር ፊቱ ጋደም የምትል፣ ሹም የማትፈራ፣ ድምፅዋ ከደወሉ የማያንስ ሴት መሆኗን ሁሉም ይመሰክራል። አሁን ግን ክፍሉ ጥግ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ድምጿ ጠፍቶ ተቀምጣለች። እጆቿ እስከ ክንዷ ጭቃ ናቸው። የስድስት ዓመት የልጅ ልጇን ፍርስራሽ ቆፍራ ያወጣቻት ራሷ ናት።

«እህቴ፣ እንዴት ብዬ እንደማጽናናሽ አላውቅም። እኔም የልጅ ልጅ አለችኝ።»

«አለችኝ በይ» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ‹ነበረችኝ› ማለት ገና አልለመድኩም።»

«ማን ጋ ነበረች?»

«ብቻዋን። ስብሰባ ስላለብኝ ‹ስልኬን ልስጥሽና ተጫወቺ› ብዬ ትቻት ወጣሁ። ‹አያቴ፣ ቶሎ ነይ› አለችኝ። ስልኩም እሷም እዚያው ቀሩ።»

መርማሪዋ አጠገቧ ቁጭ አለች። «የወንድምሽ ሚስት ውጭ ተቀምጣለች። ሰው ያንቺን ቃል ይሰማል። ‹ትግባ› ብትዪ ትገባለች።»

ሰብሳቢዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ሰው የሚለውን እኔ ምን አውቃለሁ።»

ለጭቃ ቤት ከማሽን ጋር የምትጋፈጥ ሴት ለገዛ ወንድሟ አንድ ቃል አልወጣትም። መርማሪዋ ይህን በልቧ ያዘች።

የግድቡ ጠባቂ ተጠርቶ መጣ፤ ቀጭን፣ ቦት ጫማው ከእግሩ የሰፋ ሰው ነው።

«ደጋግሜ ደወልኩለት ኢንስፔክተር። ይጠራል፣ አይነሳም። ውሃው ደግሞ ጫፍ ደርሷል፤ ከፈትኩ።»

«ለምን ወደዚህ ከፈትክ? በሌላ በኩልም በር አለ አሉ።»

«አለ። በዚያ በኩል ግን ፋብሪካዎቹና የላይኛው ሰፈር ናቸው። ትእዛዙ ሁልጊዜ ወደዚህ ነው። ውሃም ቁልቁል ነው የሚሄደው።»

«ውሃውስ ቁልቁል ይሄዳል። በሩን የሚከፍተው ግን ሰው ነው።»

ሰውየው ቦት ጫማውን አየ።

«ዛሬስ ለምን ደወልክለት? መሞቱን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ‹አቤት› ቢለኝ ብዬ ነው።»

በመጨረሻ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ተገኘ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎታል። ሃምሳ አለቃው አየት አደረገውና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ በአፉ ውስጥ።

«ጎርፉ ሲመጣ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ፣ ከሰብሳቢዋ ጋር። ሰፈሩ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ልንፈራረም ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በአንድ ክረምት ደወሉ ሦስት ጊዜ ከተደወለ ቦታው ለኑሮ አይሆንም ይባልና ይፈርሳል። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተደውሏል።»

«ሁለቱንም ጊዜ ጎርፍ ነበር?»

«የለም፤ ውሃው ደጃፍ እንኳ አልደረሰም። በከንቱ ነው የሮጡት። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው።»

«ሲፈርስ ወዴት ይሄዳሉ?»

«ከከተማው ውጭ ሰፊ ሜዳ ተዘጋጅቶላቸዋል።»

«ውሃ አለው?»

«በዕቅድ ላይ ነው።»

«ሥራስ?»

«እሱም።»

መርማሪዋ ልታሳልፈው ብላ ተመለሰች። «ስብሰባው እንዴት ነበር?»

«ምን ስብሰባ ነው! ሴትዮዋ ስልኳን እንኳ አትዘጋም። ቦርሳዋ ውስጥ ይጮኻል፣ ይጮኻል፤ አታነሳ፣ አታጠፋ። ከማዘጋጃ ቤት ጋር ሲነጋገሩ እንዲህ ነው?»

ወይዘሮ ስጋት ዓይኗን ጨፈነች። ያገኘችው መልስ ነው፤ ባላገኘሁት ኖሮ አለች በሆዷ።

*

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አዋቂዎቹ በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ ተቀመጡ፤ ያልተቀመጠው በመስኮት ተንጠለጠለ። የደዋዩን ሚስት መርማሪዋ ራሷ እጇን ይዛ አስገባቻት። ጉርምርምታ ተነሣ።

«ዝም በሉ» አለች መርማሪዋ፣ ድምጿን ሳትጨምር። «እዚህ ያለው ሁሉ ሐዘንተኛ ነው፤ ረጅም ወሬ አልወድም። ደዋዩ አልተኛም ነበር። የተኛ ሰው የእጁ አንጓ አይላጥም፤ ጥፍሩ ሥርም ስንጣሪ አይገባም። እንጨት ሲደበድብ ነው የሞተው።»

«ምን እንጨት?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«በሩን። በሩ ዛሬ ጧት ወልቆ ስለተገኘ ክፍት የነበረ ይመስላል። ግን ፊቱም ጀርባውም ጭቃ ሲለብስ ጎኑ ንጹሕ ነው። በር ውሃ ውስጥ ቆይቶ ጎኑ የሚነጻው መቃኑ ላይ ገጥሞ ከተዘጋ ብቻ ነው። ከውጭ ያሉት ቀለበቶች ደግሞ ተፍቀዋል፤ በመሀላቸው ጠንካራ ነገር ገብቶ ነበር። ከውስጥ ሲገፋ የፋቃቸው እሱ ነው። ሰውየው ተቆልፎበታል።»

ክፍሉ ታመሰ። «የግድቡ ሰው ነው!» አለ አንዱ። «ማዘጋጃ ቤት ነው! ሊያስፈርሱን ነው!» አለች ሌላዋ። ሹሙ ወደ በሩ ተጠጋ።

«እኔም እንዲያ በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ግን በሩን የከፈተው ሰው ከፍቶ አልሄደም። ከማጠፊያው ነቅሎ፣ እንዳይጣመም ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። ከላይ የመጣ ሰው ይህን አያውቀውም። ዱካውን ሊያጠፋ የመጣ ሰው እጁ ሳያስበው የሰፈሩን ሥራ ሠራ። የቆለፈው የታችኛው ሰፈር ሰው ነው።»

ሹሙ ከበሩ ተመለሰ፤ መርማሪዋ ቀጠለች።

«ስልኩ ደግሞ ከሬሳው ኪስ ተገኝቷል፤ ይሠራል። ሰውየውን የገደለው ውሃ ስልኩን አልነካውም። ጎርፉ ሲመጣ ስልኩ ደረቅ ቦታ፣ ሌላ ሰው ዘንድ ነበር፤ ኋላ ነው የተመለሰው። ትናንት ከታችኛው ሰፈር ሰው ደረቅ ቦታ የነበረ ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ሚስቲቱ ዞረ። ላይኛው ሰፈር ልብስ ስታጥብ መዋሏን የማያውቅ የለም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንዷ «ዱሮም!» ብላ ተነሣች።

«ተቀመጪ እህቴ» አለች መርማሪዋ። «ደረቅ ቦታ የነበሩት ሁለት ናቸው።» ወደ ሹሙ ዞረች። «በስብሰባው መሀል ሲጮህ የነበረው ስልክ ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው?»

«ድምፅ ነው እሱ? አውራ ዶሮ ነበር። ዶሮ እርባታ የገባሁ ነው የመሰለኝ።»

ሚስቲቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰብሳቢዋ» አለች መርማሪዋ፣ «ስልክሽን ለልጅቷ ትተሽላት ወጥተሽ ነበር። ታዲያ ቦርሳሽ ውስጥ የጮኸው የማን ነው?»

ሰብሳቢዋ ከጥጓ አልተነሣችም። ስትናገር ለማንም የምትናገር አትመስልም ነበር።

«ለግማሽ ቀን ነው ያልኩት። ‹ዛሬን ብቻ አትደውል፤ ፊርማው እስኪያልቅ› ብዬ ለመንኩት። ‹ስልኩ ከጠራ እደውላለሁ፣ እትዬ› አለኝ። ግትር ነው። ሕፃን ሆኖ ሲያስቸግረኝ ጓዳ ቆልፌበት ገበያ እሄድ ነበር፤ ስመለስ ተኝቶ አገኘዋለሁ። እንደዚያ መስሎኝ ነው። ስልኩን ከጠረጴዛው አነሣሁ፤ በሩን ዘግቼ በቀለበቶቹ መሀል የአካፋ እጀታ ሰደድኩበት። ጧት ሄጄ አወጣሁት፤ ስልኩንም ኪሱ ከተትኩለት። እጀታው አልሰበር ብሎ ነበር። ጠንካራ እንጨት ነው።»

«ሲጠራ ለምን አላነሣሽም?»

«ካነሣሁ ሰማሁ ማለት ነው። ከሰማሁ ደግሞ መናገር አለብኝ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሁለት ጊዜ ባዶ ነበር፤ ይሄም ባዶ ነው አልኩ።» ቀና አለች። «ደወሉ ከተደወለ ቤታችን ይፈርሳል፤ ካልተደወለ ውሃ ይወስደናል። አንቺ ሴትዮ ብልህ ነሽ ይላሉ። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች።

«እትዬ» አለች ሚስቲቱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከፍ አለ። «እሱስ ሆነ። እኔን ሲያስወጡኝ እያየሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«አፌን ብከፍተው ሁሉም ይወጣ ነበር» አለች ሰብሳቢዋ። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን አውጥቶ እጆቿን አየ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው፣ ክንዷን ደግፎ አስነሣት።

ሹሙ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ ጥፋቱ የነዋሪው የራሱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ደወሉ ባይደወልም ጎርፍ ስለመጣ ሰፈሩ ይፈርሳል።»

«ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነው?» አለች መርማሪዋ። «ስም አለው?»

«ኮሚቴ ነው።»

«ለኮሚቴ የሚሆን ካቴና አልተሠራም» አለ ሃምሳ አለቃው ከበሩ ላይ ሆኖ።

ሽማግሌው ተነሥቶ ወደ ሚስቲቱ ቀረበ። «ልጄ፣ ባልሽ ነገ ከልጆቻችን ጋር ይቀበራል። መሀላቸው ነው የምናደርገው። ይቅር በይን።» አንዷ ሴት ፍራሿን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። ሚስቲቱ ራሷን ነቀነቀች፤ አልተቀመጠችም።

ውጭ ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። ሰዎቹ ግን አካፋና ባልዲያቸውን እያነሡ፣ ወደሚፈርሰው ሰፈራቸው ጭቃ ሊጠርጉ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። መርማሪዋ ሚስቲቱን ከመሀላቸው ስታያት እየሮጠች ደርሳ ክንዷን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ሰማዩን አታዪም? በዚህ ሆድሽ ወዴት ነው ቁልቁል የምትወርጂው?»

ሚስቲቱ ዞራ አየቻት። በፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው።

«ወዴት ልውጣ፣ እማማ?»

መርማሪዋ ዳገቱን ቀና ብላ አየች። ሚስቲቱ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ወደ ጭቃው ወረደች።